የጎደለችው «ዘ»

በጎንደር መናኸሪያ፣ ከሰሜኑ በር፣
እኔ አዛናው ገላው፣ ድምፄ ሰዓት ነበር።
«ደባርቅ! ዳባት!» ስል ጎሕ ሳይቀድ ገና፣
ዶሮ ቆጡ ላይ ተኛ፣ በኔ ተማመነና።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ጥርሴን ነቀልኩበት፤
ሰው ላባባል ይለዋል፣ እኔ ግን በእውነት።
አንዱ በጭልጋ መንገድ፣ ጎማ ስንፈታ፣
በክሪኩ እጀታ አንድ ጠዋት ተመታ፤
ሌሎቹ በድድ ደም፣ በስኳር በሽታ፣
እየተነቃነቁ እንደ ላላ መቀርቀሪያ፣
ባሥር ብር፣ በሃያ ብር ወጡ ከጤና ጣቢያ።

የመጨረሻይቱን በጨርቅ ጠቅልዬ፣
ቆርቆሮ ላይ ጣልኳት እንደ ልጅነቴ፤
«አሞራ፣ ያንቺን ነጭ ስጪኝ ለኔ» ብዬ።
ስድሳ መድፈኔን ማን ይንገራት፣ እቴ!

ፊደል እንደ ውኃ እንደሚፈስ ያኔ ገባኝ፤
«ሰ» በድዴ ሾለከች፣ «ዘ» ጨርሳ ከዳችኝ።
መታወቂያ ላሳድስ፣ ቀበሌ፣ ስሜን ስነግራት፣
«አያናው» ብላ ጻፈች ጸሐፊዋ። ምን ብዬ ላርማት?
ማረሚያውም ያው «ዘ» ናት።

ዘውድነሽ ሚስቴንም ስጠራት በማታ፣
«ውድ ነሽ» ብቻ ቀረች፣ «ዘ»ዋ ከፊት ተፈትታ።
«ባርባ ዓመት ትዳር ያላልከኝን ነገር
ድድህ አናገረህ!» ብላ ትስቅ ነበር።

መጀመሪያ የገዛሁት የሚወልቅ ጥርስ ነበር፣
ማታ ማታ ከውኃ ብርጭቆ የሚያድር፤
ቀን አፌ ውስጥ ይዋኛል እንደ ደንገል ታንኳ፣
ለገንፎም አልጸና፣ ለቂጣማ ይቅር እንኳ።
አንድ ቀን «ማክሰኚት!» ብዬ ብጮህ በኃይል፣
ካፌ ተስፈንጥሮ፣ ካንዲት ሴት ዘንቢል፣
ቲማቲም መኻል ወርዶ ይስቅብኝ ጀመር።
ጥርስ ባዳ ነው ሲሉ ለካ ይኸ ነበር!

ከዚያ ወዲህ በጣቴ፤ አፌን ይዤ ዝም አልኩኝ።
የደባርቋን አሮጊት መተማ መኪና ጫንኩኝ።
ሾፌሮች ተሰበሰቡ፤ ዕቁብ ሊጣል ሲሉ፣
«ዕጣው ለአዛናው ይሁን! አፍ እንግዛለት» አሉ።

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሐኪሟ ፀዳለ
ከባቄላ የማይበልጥ አራት ብሎን አሳየችኝ፤
«አጥንትዎ እስኪቀበለው አራት ወር ይታገሡኝ።
አጥንት ባዳ አይወድም፤ ቸኩለው ሲጭኑት ይገፋል፣
ከታገሡት ግን ራሱ ተጠግቶ ያቅፋል።»
መሰርሰሪያው ሲያጓራ በመንጋጋዬ ዳገት፣
ሊማሊሞን ባንደኛ ማርሽ የሚወጣ
አይሱዙ ነው፣ ጭነት የበዛበት።

ዘውድነሽ ባጠገቤ አጥሚት እያማሰለች፣
«ሲያልቅልህ በሙሉ ስሜ ትጠራኛለህ» አለች።
በሦስተኛው ወር አጥንቴ ብረቱን ያዘ፤
በዚያው ወር፣ በሰኔ፣
አፈር እሷን ያዘ።

ጥርሱ በቀጠሮው ቀን ቀጭ ብሎ ገባ፣
በአራት ባላ ላይ የቆመ፣ የማይናወጥ ዛኒጋባ።
«እስቲ አንድ ነገር ይበሉ» አለች።
«አዘዞ» አልኩ። «እንፍራዝ»። አንድም ፊደል አልታመመ፤
መስኮቱ ክፍት ነበርና፣ ከታች ባጃጅ ቆመ።

መናኸሪያ ወረድኩ፤ ሽንብራ ቆሎ አቀረቡ፤
በየፍሬው ስቆረጥም ብራቸውን አሰቡ።
«ድገም! ድገም!» አሉኝ፤ ደገምኩላቸው፤ ሳቅን።
እንግዲህ የሚቀረኝ ቤት መግባት ነበር።

መብራት ሳላበራ፣
በሙሉ አፌ ጀመርኩ ስሟን ልጠራ።
«ዘውድ» ስል፣ ዘውዱ ደህና ነው፣ ድዴ ላይ ተደፍቷል፤
«ነሽ» ግን ግሥ ነው፤ ባለቤቱን አጥቷል።

ሐኪሟ «ማታ ማታ አውልቀው ያጽዱት» ብላኝ ነበር።
ቀጭ አድርጌ አወለቅሁት፤ ከብርጭቆው አኖርኩት፤
እሷ በምታውቀው አፌ፣ በባዶው ድድ ጠራኋት፦

ውድ ነሽ።