መንጠቆ

ካርቶኑን ያገኘው ቅዳሜ ገበያ፣
በተፈታ ሬዲዮ፣ በጫማ ሶል ጉያ፤
አባቴ ይዞት ገባ እንደ ልጅ አድርጎ፣
ግማሹን በኮቱ ከእናቴ ሸሽጎ።

የጃፓን አውሮፕላን፣ ክንፏ ባለ ድርብ፣
ከመርከብ ወለል ላይ የምትነሣ ለጠብ፤
አርባ ስምንት ጊዜ ከአካሏ አንሳ፣
ቁመቷ የሚያህል አንድ ቆሮሶ ዓሣ።
መመሪያው በጃፓንኛ፤ አንድ ፊደል አያውቅም፣
ቁጥሩን ይከተላል፣ ቁጥር እንደሁ አይዋሽም።
የታችኛው ክንፍ ግን ካርቶኑ ውስጥ የለም፤
(እናቴ፦ «ይኸው ነው እንዳላማው፣ የርካሽ ዕቃ መቼም!»)

ሐይቁ ዳር ወረደ፣ ደንገል ቆርጦ መጣ፣
ጥላ ላይ አድርቆ በምላጭ ሲያወጣ
ከነጩ ልቡ ውስጥ ክንፍ የሚባል ነገር፣
ታንኳ ሠሪው እንድሪስ «በዚች ልትሻገር?»
ብሎ ሳቀ።

ክሩን ከጨርቃ ጨርቅ ያመጣሁት እኔ፣
ከሌሊት ፈረቃ፣ ጠቅልዬ በጎኔ፤
ክንፍ ከክንፍ ወጠረ ትንፋሹን ቋጥሮ፣
መነጽሩን በላስቲክ ከጆሮው አሥሮ።
አብራሪው ፊት የለው፣ ቁመቱ ጥፍር የሚያህል፣
በመርፌ ዐይን ሠራለት፣ «መንገዱን ይይ» ሲል።
ጅራቷን፣ ክንፏም ላይ ያለውን ክብ ፀሐይ
በእኔ ኩቴክስ ቀባ፣ ተኝቼ ሳላይ።

አባቴ ባሕረኛ ነበረ፣ ምጽዋ ላይ።
ስለዚያ አያወራም። ሞቅ ሲለው ብቻ፦
«የባሕር ኃይል ሰው የት ይግባ? ባሕር ዳር!
ስሟ እንኳ ያባብላል፤ ምን አለኝ ሌላ አገር?»

ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማታ፣ መንጠቆዋ ጠፋ፤
ከጅራት ሥር ያለች፣ ከጤፍ የማትሰፋ።
በባትሪ፣ በጉልበት፣ ምንጣፍ ገልበን፣ አልጋ አንሥተን፤
እናቴም ተንበረከከች፣ ምንም ሳትለን።
«ተወው አባ» አልሁት፣ «ማን ዐይቶ ያውቃል?»
«መነሣት ቀላል ነው፤ ነፋስም ያስነሣል»
አለኝ፣ ከወለሉ ቀና ሳይል።
«መመለስ ነው እንጂ! ወለሉ አጭር ነው፤ ገመድ ተዘርግቶ፣
መንጠቆ ከሌላት በምን ትቁም ከቶ?»
ባትሪው በእጁ ላይ ተንቀጠቀጠ።

ሲነጋ፣ ከማታው ዓሣ አንድ አጥንት መረጠ፣
በምላጭ አቅጥኖ በሙጫ ሰካላት።
ሁለቱን መትረየስ ግን አልገጠመላት፤
ካርቶኑ ውስጥ ናቸው። አልጠየቅሁትም።

አሁን መስኮቱ ላይ ወደ ጣና ዞራ፣
ነፋሱ ከሰዓት ሲመጣ ከጎርጎራ፣
ፕሮፔለሯ አንዴ ዞሮ ቀጥ ይላል።

እናቴ ባለፈው (ምን አስባ እንደሁ እንጃ)
የልብስ ማስጫ ገመዷን ከጓሮ ፈትታ
ከመስኮቱ ፊት ለፊት አሰረች ዘርግታ።
እስካሁን አንድ ልብስ አልተሰጣበትም።