ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት። ሰዓት፦ ሦስት ተኩል፤
(ሰብሳቢው የመጡት አምስት ሊሆን ሲል።)
ቦታ፦ ኮምቦልቻ፣ የቀበሌ አዳራሹ፤
የአምናው መፈክር አለ፣ ተቀዶ ግማሹ።
አጀንዳ፦ የደመወዝ ወለል፤ እና ልዩ ልዩ።
ጸሐፊ፦ እኔ ነኝ፤ ጆሮዎቼ ቢሰሙ፣ ዓይኖቼም ቢያዩ፣
ብዕሬ የለመደው አንድ መስመር ነው፤
«ሐሳብ ተነሥቷል፤ ምላሽ ተሰጥቷል» የሚለው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህችን መስመር ጻፍኩ።
ውሃ ሲጠፋ ጻፍኩ፤
መንገድ ሲናድ ጻፍኩ፤
ከጦርነቱ ማግሥት፣ መዝገብ አልቆ፣
በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍኩ።

ጦይባ እንድሪስ ተነሣች፤ ከወረባቦ ናት፣
ፓርኩ ውስጥ ስትሠራ ይኸው ሦስት ዓመት፤
እጅጌ ትሰፋለች፣ እጅጌ ብቻ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፤
ሙሉ ሸሚዝ አታውቅም፣ አንድም ቀን አይታ።

«ደመወዜን ላስረዳ» አለች፣ «ስለማይረዝም ቶሎ ያልቃል።
ቤቱን ለአራት ነው የተከራየነው፤ አልጋው ለሁለት ይበቃል።
እኔ ለጠዋት ስነሣ ያልጋነሽ ከሌሊት ትገባለች፣
ሙቀቴን ሳይበርድ ታገኘዋለች።
ልጄን ለምትይዝልኝ እከፍላለሁ፤ ለዘይቱም፣ ለሽሮውም፤
አሞኝ ብቀር ይቆረጣል፤ ባይቆረጥም አይደርስም።
ወሩ ሠላሳ ነው፤ ብሬ አሥራ ስምንት፤
አሥራ ሁለቱን ቀን ማን ይኑርልኝ? በማን ሕይወት?»

ቀና አልኩ። የእኔም ወር ሃያ ሁለት ላይ ነው የሚሞት፤
ለባለ ሱቁ ብቻ ነው የነገርኩት።

ሰብሳቢው መነጽር አወለቁ፤ ጠረጉ።
ስለ ውድድር፣ ስለ ዶላር፣ ስለ ጎረቤት አገር ንግግር አደረጉ፤
«ወለል ይቀመጥ ብትሉን ገንዘቡ ይሸሻል፤
ባለሀብት ወፍ ነው፣ እጅ ሲነሣ ይበርራል።»

ከኋላ ጋሽ ደርበው፣ የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ፣
ሳል አቋረጣቸው፤ ከዚያ፦ «ጥሬዎቹ ታዲያ እኛ?»

ሳቅ ሆነ። ሳቅ በቃለ ጉባኤ አይጻፍም።
ጋሽ ደርበው ግን አልሳቁም።
«ዋጋ ጣሪያ የለው፤ ደመወዝ ወለል የለው፤
መሃል ያለነው ታዲያ በምን ላይ ነው የቆምነው?
በእኛ ጊዜ ማቆያ ነበር፤ እናት አጥብታ ስትመለስ
ማሽኑ ይጠብቃት ነበር፣ ክር እንኳ ሳይበጠስ።»

ከክልል የመጣው ባለሙያ «ጥናት አለ» አለ፤
ሊያሳየን ሲል መብራት ሄደ፤
ግራፉ ሽቅብ እየወጣ ከግድግዳው ኮበለለ።

ልዩ ልዩ፦ (አምስት ደቂቃ።)
ይመር አራጋው፣ ከቦርከና ዳር የሚያርስ፤
«ነጭ ላሜ ውሃ ወርዳ፣ ሐምራዊ ካልሲ አድርጋ ስትመለስ፣
ፋሽን ነው ብዬ ዝም ልበል፣
ወይስ ላልቅስ?»

ጭብጨባ። ጊዜው አልቋል።
ጦይባ ቀድማ ወጥታለች፤ ፈረቃዋ ሰባት ላይ ይገባል፤
ለዚህ ስብሰባ የግማሽ ቀኗ ይቆረጣል።

«አሳጥረው» አሉኝ ሰብሳቢው፣ «እንደ ወትሮው»፤ ቆመው ጠበቁኝ፤
ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ።
ጻፍኩ፦ «ሐሳብ ተነሥቷል»። ብዕሬ ቆመ።
እንደ ወትሮው ሊቀጥል ሞከረ፤ ደከመ።
«ምላሽ፦» ብዬ ባዶ ተውኩት፣ ሁለት ጣት ያህል ቦታ፤
ሰብሳቢው አላነበቡም፤
ማኅተሙ አረፈ፣ ጧ፣ በአንድ ምታ።

ያልተገኙ፦ (እዚህ ላይ እጄ በራሱ ሄደ)
አራት ሺህ ሴቶች።
ምክንያት፦ በሥራ ላይ።