ሦስተኛዋ ተሳፋሪ

ጨረቃ ሙሉ ናት፤ የፖያ ሌሊት ነው።
ከፖሎናሩዋ በላይ፣ ከግድቡ ሥር ካለው
ከሩዝ ገበሬዎች መንደር ስልኬ ጮኸ ድንገት፦
«ባጃጅህን አምጣ፤ እንግዳ አለችኝ ቤት።»

መምህር ዊማላሴና፣ ጡረታ የወጡ፣
ነጭ በነጭ ለብሰው እስከ በሩ መጡ።
በክንዳቸው እንስራ፣ አፉ በጨርቅ የታሰረ፣
ከሆዱ አንዳች ነገር እንደ ወናፍ ይነፋ የነበረ።

«እፉኝት ናት» አሉኝ። «ከሩዙ ክምር ሥር፣
የልጅ ልጄ ጫማዋን ከምታወልቅበት ዳር።
አልገድልም ብያለሁ፤ ቃል ቃል ነው ዘላለም።
ከጫካው አፍ እንልቀቃት፤ ማዶ ማንም የለም።»

እንዲህ ነው ልማዱ። ጎረቤቴ ባለሱቁ
ኮብራውን በጆንያ ለታችኛው መንደር ላከው ከነሳቁ፤
የታችኛው መንደር ሰዎች፣ ሲወራ እንደሰማሁት፣
ቃላቸውን ጠብቀው በጀልባ ነው የመለሱት።

ዝም አልኩ። ከወንበሬ ሥር የጎማ መፍቻ አለ፣
ክንዴን የሚያክል ብረት፣ በእጄ ላብ የከሰለ።
ለጎማ ብቻ አይደለም።

እህቴ ሜኒኬ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣
እንዲህ ያለችው ነድፋት ከቁርጭምጭሚቷ፣
ሐኪም ቤት ስንደርስ ጠቁሮ ነበር ባቷ።
ዛሬ ጫማ ስትገዛ አንዱን ትመልሳለች፤
«ለእኔ በግማሽ ዋጋ» ብላ ትስቃለች።
እኔ አልስቅም።

ተነሣን። መምህሩ እንስራውን ታቅፈው፣
«ቀስ!» ይላሉ በየጉድጓዱ፣ ጨርቁን ደግፈው።
በመስታወቴ አየሁና ሦስት ነን ብዬ ቆጠርኩ፤
«የሦስት ሰው ነው ሒሳቡ» ስል ቀለድኩ።
እንስራው ተነፈሰ፣ ቀስ ብሎ እንደሚተነፍስ ጎማ፤
የማጅራቴ ጸጉር ቆመ ያንን ሲሰማ።

ግድቡን ተሻገርን፤ ዝሆን ያቦካው ጭቃ፣
ውሃው ላይ ተሰባብራ የምትዋኝ ጨረቃ፣
ከዚያ ጫካው።
ከዚያ ደግሞ — ኩራዝ።

የቆርቆሮ ጣራ። እርጥብ ጡብ። የሕፃን ልብስ በገመድ።
አምና እዚህ ቁጥቋጦ ነበር፣ የአጋዘን መንገድ።
ባዶ እግሩን ወጣ ሰውዬው፤ ቼሊያ ነኝ አለ፣ ጡብ ሠሪ።
እንስራውን አየና ውሃ የቸገረን መስሎት፣
«አምጡት፣ ልሙላላችሁ» አለ፤ እጁን ዘረጋ፣
«አትፈሩ፤ ጉድጓዴ ሩቅ አይደለም፤ እዚህ ጋ።»

መምህሩ እንስራውን ወደ ደረታቸው ሳቡት።
«ሞልቷል» አሉ።
ውሸት አልነበረም።

ቼሊያ መልካም መንገድ ብሎን ገባ። በሩ መጋረጃ ነው፤
ከሥሩ፣ ወለሉ ላይ፣ ስድስት ትንንሽ እግሮች፤ የተኙ ናቸው።

«ለካስ» አሉ መምህሩ፣ «የእኛ ማዶ የሰው ደጅ ነው።
ጽድቁን እኔ ልውሰድ፣ ሞቱን እሱ ይውሰደው?»

ብረቴን አወጣሁ። «ዞር ይበሉ፤ አንድ ምት ናት።
ቃልዎ አይነካም፤ እኔ ነኝ የምገድላት።»

«ዞር ማለትማ» አሉ፣ «እስካሁን የሠራነው እሱን ነው።
ሩዙን ከግድግዳ አስጠግቶ የከመረው ማነው?
አይጧ ሩዙን ሸትታ፣ እሷ አይጧን ተከትላ —
ጠርቼ ያመጣሁትን እንግዳ ልሸኝ በዱላ?
መልሰኝ።»

ከማሳቸው ጫፍ ለቀቅናት፣ ከራሳቸው ድንበር።
ጨርቁን በረጅም እንጨት ፈታሁ፤ ስትሄድ እንኳ አልቸኮለችም ነበር።
በማግሥቱ ክምሩ ተነሣ፣ ግድግዳው ተለሰነ፤
የወር ጡረታቸው ለአምስት አጫጆች ቦቲ ሆነ።

ደግ ታሪክ ነው። ለሜኒኬ ነገርኳት።
ክራንቿን አስደግፋ ስታዳምጥ ቆየች።
«አጫጆቹ ስድስት ቢሆኑስ?» አለች።

ብረቱ ዛሬም ከወንበሬ ሥር ነው፤ ከጎኑ ባትሪ አኑሬአለሁ።
በሌሊት፣ መንገዱ ላይ ልጥ የመሰለ ነገር ካየሁ እቆማለሁ፣
እጄን ወደ ሥር እሰዳለሁ፤
የቱን እንደምጨብጥ፣ እስክጨብጠው ድረስ፣
አላውቅም።