መስኮት ያለው ሸሚዝ

ቱሉ ዲምቱ ዳር፣ ቆርቆሮ በረንዳ፣
ሲንጀሬን ጠምጄ ስጠብቅ እንግዳ፣
ፊት ለፊቴ አስፋልት ይፈላል፣ ይነጠፋል፤
የመጋቢት ፀሐይ ከላይ ትወርዳለች፣
ሬንጁ ከታች ትኩሳት ይተፋል፤
መሀሉ ላይ ሰው ነው።

ጉተማ አንደኛው ነው።
ማለዳ ለቆፈን ጃኬት ደርቦ ይመጣል፤
አራት ሰዓት ላይ ጃኬቱ ወገቡ ላይ ይታሰራል፤
በስድስት ቱታው ከገላው ይጣበቃል፤
በስምንት፣ ጨው፦
ጀርባው ላይ ነጭ ካርታ፣ የማላውቀው አገር፣
ድንበሩ በየቀኑ የሚቀያየር።

ማክሰኞ ወደቀ።
ሮሎው ቆመ። ውሃ ደፉበት። ተነሣ።
«ቁርስ ሳይበላ ነው» አለ ፎርማኑ፤ ነገሩም ተረሳ።

እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
መብራት ሄዶ ነበር፤ በስልኬ ብርሃን ቀደድኩ፤
ከላይ አቡጀዲ፣ ስስ፣ ፀሐይን የሚመልስ፣
ከሥር አጎበር፣ ጨርቁ ገላው ጋ እንዳይደርስ
(እህቴ ከመተሐራ የላከችው ነው፤
ወባ በሌለበት ሥራ ፈትቶ የኖረ)፤
በመሀላቸው ለነፋስ አንድ ጣት ቦታ፣
ብብቱ ሥር መስኮት፣ ማጅራቱ ሥር መስኮት፣
የሞቀው አየር ሽቅብ የሚያመልጥበት።
ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው፤
ነፋስ በር ካገኘ ቀጣሪ አይጠብቅም።

ጉተማ ሲያየው ወደ ኋላ አለ።
«እትዬ፣ አቡጀዲ?
አባቴን የገነዝነው በዚህ ነው።»

ምን ልበለው? እውነቱን ነው።
ባለሱቁም ስገዛ «ማን ሞተ?» ብሎኛል፤
ዝም ብዬ ከፈልኩ።
የልጁን እጅ ይዤ በመስኮቱ አሾለክሁት፦
«ለሞተ ሰው መስኮት ሲሰፋ አይተሃል?»

ሳቀ። ወሰደው። ሁለት ቀን አልለበሰውም።
ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ከሲንጀሬ ቀና ስል፣
ከሰማያዊ ቱታዎች መሀል አንድ ነጭ፣
እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ሲነፋ፣ ሲተነፍስ፣
ሬንጁ ላይ፣ በሁለት እግሩ፣ ቆሞ።

ዛሬ ሦስት ሰው ልክ ሊሰጥ መጣ።
የመጨረሻው ፎርማኑ ነው፤ ግራ ቀኙን አይቶ፣
«ከቱታ ሥር የሚለበስ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አጎበሩ ግን አልቋል።
ለእህቴ ደወልኩላት፦ «የተቀደደም ቢሆን ላኪ።»
«ምነው፣ አዲስ አበባም ወባ ገባ?»
«ወባስ የለም» አልኳት፤ «ፀሐይዋ ናት የምትናከሰው።»