ሙሉ ስትሆን ታርፋለች

ፔዳ ግቢ፣ ከዛፎቹ ማዶ፣ ከትንሿ ቤት፣
መርፌ እጠብቃለሁ ሌሊት በሌሊት።
እዚህ ባሕር ዳር ላይ መርፌው አያዘምም፣
እንደ ደከመው ሰው ይላል ጋደም ጋደም፣
ሰሜንን ያያል እንጂ ወደ ምድር አይደፋም።

ማታ መብራት ጠፋ። መለኪያው ዝም አለ።
ወደ ሐይቁ ወረድኩ፣ ጋሽ እንድሪስ ካለ።
አለ።
ገመዱን በጥርሱ ይዞ፣ ደንገሉን እየሳበ፣
ትናንት የጨረሳትን ታንኳ ሊሞክር እያሰበ።
«ግቢ» አለኝ። ገባሁ።

አባይ ከሚወጣበት በኩል ጨረቃ ወጣች፣ ሙሉ።
በሽመል መቅዘፊያው እያሳየኝ፣
«ያቺ ነፋስ አላት?» አለኝ።
«ነፋስስ አላት፣ አየር ነው የሌላት።»
ሳቀብኝ።

«ከፀሐይ ነው የሚነሳው፣ ከጢስ የረቀቀ፣
በሰከንድ አራት መቶ ኪሎ ሜትር የዘለቀ።
እኛን ማግኔታችን እንደ ጋቢ ደርቦናል፣
ነፋሱ ዞሮን ያልፋል።
እሷ ግን ጋቢም የላት፣ ጣሪያም የላት፣
ስንት ቢሊዮን ዓመት ፊት ለፊት መታት።»

ጥቂት ቀዘፈ።
ከታንኳዋ ኋላ ውሃው ተገምሶ
ላፍታ ክፍት ቆየ፣ ተገጠመ መልሶ።
«እንዲህ ነው» አልኩት፣ «ከጀርባዋ ያለው፣
ነፋሱ አልፏት ሲሄድ ባዶ ነው የሚተው፤
ቆይቶ ነው ከግራ ከቀኝ የሚሞላው።»

«ታዲያ ምን አደረጋት?»
«አጠቆራት።
በቅርብ የተፈነከተችበት ነጭ ነው፣
የድሮው ቁስል ግን አፈሩን መስሏል።»

እጁን አየሁት፦ እሱና መቅዘፊያው አንድ ቀለም።
ከእግራችን ሥር ያለው ደንገል ግን ገና አረንጓዴ፣
ሽታው እንኳ አልወጣለትም።
ከሁለት ወር በኋላ ይጠቁራል፤
ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ይከብዳል።

«እሷም ትጠጣለች» አልኩት።
«ነፋሱ ሃይድሮጂን ነው፤ ከአሸዋዋ ገብቶ ይቀራል፣
ከድንጋዩ ኦክስጅን ጋር እጅ ለእጅ ይያያዛል።
ውሃ ለመባል ጥቂት የሚቀረው ነገር ይሆናል፣
አንዳንዴም፣ ምናልባት፣ ውሃ።»

ዝም አለ። ውሃ ላይ ተወልዶ ውሃ ላይ ያረጀ ሰው
ቃሉን በአፉ አገላብጦ ቀመሰው።
«ከሚመታት ነገር ውሃ?»
«ትንሽ። ጤዛ የማታህል።»
«ጤዛስ ከየት ይገኛል» አለ፣ «በበጋ።»

ከዚያ ቆይቶ፣
«ዕረፍት የላትም እንዴ?»
«አላት እንጂ። እንዲህ ሙሉ ስትሆን
በመሬት ጀርባ ታልፋለች፤
ነፋሱ የማግኔታችንን ጫፍ ጎትቶ አስረዝሞታል፣
አራት አምስት ቀን ከሥሩ ትጠለላለች።»
«ከኛ ጋቢ?»
«ከኛ ጋቢ።»

ቀና ብሎ አያት፣
ማታ ደጁን አንኳኩቶ የገባ እንግዳ እንደሚያዩት።
መቅዘፊያውን አነሳና ጭኑ ላይ አጋደመው።
ከፔዳ በኩል መብራት መጣ፤ ከተማው በአንዴ ጮኸ።
መርፌዬ ብቻውን ነው፣ መሄድ ነበረብኝ።
«ልመለስ» ልል አፌን ስከፍት
«ተይ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ትረፍ»፣
ውሃው እንኳ እንዳይሰማ።