በኪሎ

ይታይህ ቆራሌው ሰኞ በማለዳ
ጆንያውን ዘረገፈ ከሱቄ ደጅ ሜዳ፤
ሽንቁር ድስት፣ የነሐስ ቧንቧ፣ ዝገት የበላው ቁልፍ፣
ከሥር፣ ከካልሲ ውስጥ፣ አንድ ሰው፣ በቁም እንቅልፍ።

«ከየት ነው?»
«ከሽምብጥ። የመንገድ ሥራ መሐንዲስ፣
ኪራይ ሳይከፍል የሄደ፣ ‹መጣሁ› ብሎ ላይመለስ።
እማማ የውብዳር ሦስት ዓመት በመያዣ ጠበቁት፤
ትናንት ‹በቃኝ› አሉና በኪሎ ሸጡት።»

ሁለት ኪሎ ተኩል። መዘንኩ፤ ከፈልኩ።

ወንድ ነው እንዳልል ጆሮው ጉትቻ አለው፣
ሴት ናት እንዳልል ደረቱ ልሙጥ ነው።
ቀኝ እጁን አንሥቷል፣ ሁለት ጣት ጎድሎታል፣
በተረፉት ጣቶች «አይዞህ፣ አይዞህ» ይላል።
የቆመው አበባ ላይ። የውኃ አበባ።

ሳቅሁ።
እኛ እዚህ እሑድ እሑድ እስከ ወገብ ጣና ገብተን
እንቦጭ የምንነቅል፣ መዳፋችን እስኪላጥ ጎትተን፣
ውኃ ላይ ያበበ ሁሉ ጠላት የሆነብን ሰዎች!
አንተ እግርህ ሥር አንጥፈኸው ሳትሰጥም ቆመሃል።
ምን ብለህ አግባባኸው?

ሥራ አለብኝ ግን። ዲያቆን እንዳላማው
ሰባት ጸናጽል ይፈልጋል፤ ጥምቀት ነው ቀጠሮው።
ነሐስ ጠፍቷል፤ ወናፉ ተነፍቷል፤ ከሰሉ ቀልቷል።
ሞረዴን አነሣሁ። ከቀሚሱ እጥፋት ሥር
ቀጭን ወርቅ ብልጭ አለ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ዳር።
(ይህን ወርቅ በባዜቃ ነው የሚቀቡት፤
ጭሱ ሳንባ ይበላል። አባቴን ያውቁታል፣ እሱ ነው የገደለው።)

ገለበጥኩት። ሆዱ ባዶ።
ጣቴን ሰደድኩ፤
ከተረከዙ ከፍ ብሎ፣ ማንም በማያይበት፣
ሰሙን የጫነ አውራ ጣት፣ መስመሩ ሳይቀር አለበት።
ሰሙ የፈሰሰው መቼ ነው? ወርቁስ ተልጦ አልቆ የለ?
የሠሪው ችኮላ ብቻ እዚያው ጨለማ ውስጥ አለ፤
ምናልባት ምሳ ደርሶበት፣ ምናልባት ልጅ እየጠራው።
የራሴን አውራ ጣት አስገባሁ።
ልክ ነው።
ትንሽ ይጠበኛል እንጂ፣ ልክ ነው።

ቧንቧውን አቀለጥኩ። ስድስት ጸናጽል ወጣው።
ዲያቆኑ ሲቆጥር «ሰባተኛውስ?» አለ።
«ነሐሱ አልበቃም» አልኩት።

ሰባተኛው መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ አይንሿሿም።
ፊቱን በመስኮቱ ወደ ጣና አዙሬዋለሁ፤
እንቦጩን ይይልኝ።