የማዞሪያው ልጅ

አባቴ ተማም ኑር፣ በጅማ ቴሌ ቤት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከማዞሪያው ፊት
ተቀምጦ ኖረ፣ ገመድ እየሰካ፣
አጋሮን ከሊሙ፣ ቦንጋን ከሰካ።
ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ቡናውን ሸጠ፣
የማን ልጅ ኮበለለ፣ የማን ብር ሰመጠ፣
በጆሮው አለፈ። ካንደበቱ ወጥቶ
ደጅ አልታየም ግን አንድ ቀን ተሳስቶ።

ጡረታ ሲወጣ ሰዓት ሸለሙት፤ ቆሟል።
እሱ ግን በር ላይ ሆኖ ዛሬም ይጠይቃል፦
"ኢንተላ ኮ፣ የኔስ ሥራ ስም ነበረው፤
ያንቺን ቢጠይቁኝ ምን ብዬ ልጥራው?"

ሥራዬ ከኋላ ቤት ነው፣ ኮቺ ሰፈር።
ሐምሌ ቆርቆሮውን ሲወቅረው ሲያድር
መብራት ሄዶ ይመጣል፣ መጥቶ ይሄዳል፤
ባትሪው ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ማሽኔ ያቃስታል።
እኔ አልደነግጥም። የኔ ቋጠሮ ቢፈታ
ሌላው አጥብቆ ይዟል በሌላ ቦታ፤
ናይሮቢ አንዱ ነቅቷል፣ ሃኖይ አንዱ፣ ሊማ፤
ሁሉም መዝገብ ያዥ ነው፣ አለቃ የለማ።

ከኪቶ ግቢ ስንወጣ ጓደኞቼ
ባንክ ገቡ በከረባት። እኔ ግን ከፍቼ
የፎቶ ኮፒ ጥራዝ፣ ዳሩ የተበላ፣
ዘጠኝ ወር ከቁጥር ጋር ስታረቅ ስጣላ፣
አሥራ አንድ "እናዝናለን" በኢሜይል ቆጠርኩ።
በአሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ተቀበልኩ፦
"ይህ ማስረጃ ይዋሻል፤ የት ጋ ነው? አሳዪኝ።"
ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። አገኘሁት። ቀጠሩኝ።
ዲግሪ አልጠየቁም።
ፎቶም።
የማን ልጅ እንደሆንኩም።

ፈረንጅ አራዳ ያለው ባንክ ግን ጠየቀ።
"ክብ ማኅተሙስ?" "የለም።" "አድራሻው?" "የለውም።"
"ሥራ አስኪያጁ?" "እሱም።" "ሕንፃው?" "አያስፈልገውም።"
ልጁ በእስክሪብቶ መስኮቱን መታ መታ አደረገና
"እህቴ" አለኝ በሐዘኔታ፣ "አልተቀጠርሽም ገና።"

ቅዳሜ ከኪቶ ሁለት ልጆች ይመጣሉ፣
"ይህ ሥራ ከየት ነው የሚጀመር?" ይላሉ።
የአባቴን ሽልማት ከግድግዳ አወርዳለሁ፣
የቆመውን ሰዓት በጣቴ አዞራለሁ፦
ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ አንድ። ዘጠኝ ላይ አምስት ሲደመር ሁለት።
"አሁን ፊቱን አይታችሁ፣ ስንቴ ዞሮ እንደመጣ ንገሩኝ" ስላቸው
ይተያያሉ።
"እዚያ ጋ ነው" እላለሁ።

ቀን ሙሉ ማስረዳት እንጀራዬ ሆኖ
ራሴን ማስረዳት አቃተኝ። አንድ ማታ ግን፦
"አባዬ፣ እንቆቅልህ!"
"ምን አውቅልሽ።"
"ቁልፉን ሳያሳየኝ ቁልፍ እንዳለው ያወቅኩ፣
ዕድሜውን ሳይነግረኝ አዋቂነቱን ያመንኩ፣
ኪሱን ሳልበረብር መክፈሉን ያረጋገጥኩ፣
ሰዎች መጥተው ቢይዙኝ የምነግራቸው ያጣሁ፤
እኔ ማን ነኝ?"

ዝም አለ። አገር ስጠኝ ልለው ስል ቀደመኝ፦
"በስልሳ ዘጠኝ፣ በግንቦት፣ ሦስት ሰዎች ገቡ።
መምህሩ በስልክ ማንን እንዳናገረ ስም በስም ፈለጉ።
አልሰማሁም አልኳቸው።
ሰምቼ ነበር።"
መዳፉ ጉንጩ ላይ ወጣ፣ ሁለት መንጋጋ ከጎደለበት በኩል።
"ጆሮ የሌለው ማዞሪያ" አለ ቆይቶ። "እሱን ነው የምትሠሪው።"

አገር አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ አባ መጫ ከመስጊድ ሲመለሱ
እንደ ልማዳቸው አጥሩ ላይ ተደገፉ፦
"ልጅህ ግን ምንድን ነው የምትሠራው?"
"እንደኔው ማዞሪያ ናት" አለ ደረቱን ነፍቶ።
"ልዩነቱ፣ እሷ ምንም አትሰማም።"
"ውይ! አላህ ያሽራት" አሉ ከልባቸው አዝነው፤
እኔ ከመስኮቱ ሥር፣ አፌን በሻርፔ አፍኜ፣
ሁሉን እየሰማሁ።